ጥፋቱ የሳኒታይዘሩ ነው ወይስ የአጠቃቀሜ?

መነሻ ጽሑፍ

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች አራተኛ ወሯን ይዛለች። ቤት ውስጥ የምናስታምማት እኔና እህቴ ነን፤ ትንሹ ልጄም ከእኛው ጋር ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ትልቅ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ገዝቼ ከራስጌዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ክፍሏ የሚገባም የሚወጣም እጁን ሳይቀባ እንዳያልፍ አደራ አልኩ። አደራውን ማንም አላጎደለም። እኔ በቀን ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ስቀባ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጄን አስመለሰው፣ ተቅማጥም ያዘው። በማግስቱ እህቴ ወደቀች፣ በሦስተኛው ቀን እኔ፣ በአራተኛው ቀን እናቴ። አቅም ለሌለው ሰው ማስመለስና ተቅማጥ ምን እንደሚያደርግ ያስታመመ ያውቀዋል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ሌሊቱን በሙሉ በማንኪያ ፈሳሽ እያቀመስኳት አነጋሁ። ጠርሙሱ ከፊት ለፊቴ ቆሟል፤ 99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል የሚለው ጽሑፍ በመብራቱ ያበራል።

እናቴ አሁን ደህና ናት። ግን አንድ ነገር ሳላውቅ መተኛት አልቻልኩም። ያ ጠርሙስ የውሸት ነው ወይስ እኔ ነኝ አጠቃቀሙን ያላወቅሁት? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

(መልሶቹ ከጠበቅሁት በላይ ስለበዙና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቋንቋ አስፍሬዋለሁ። የተደጋገመውን አሳጥሬያለሁ፤ ስድቡን አውጥቻለሁ።)

1. የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ከሁሉ አስቀድማ እናቴን እግዚአብሔር እንዲምርልኝ ተመኘች። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ የአልኮሉ መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምቀባ፣ እጄ ላይ ስንት ሰከንድ እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ። አንዱንም አላውቅም ነበር።

2. ይህ የእኔው መልስ ነው። ጠርሙሱን ገልብጬ ከጀርባው በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ፤ ኢታኖል (የአልኮሉ ዓይነት) 70 በመቶ ይላል። ቀጥሎ ከግድግዳው ሰዓት ፊት ቆሜ እንደ ወትሮዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩና አሻሸሁ። በሰባተኛው ሰከንድ እጄ ደርቆ ነበር። የአውራ ጣቴን ጀርባ ብዳስሰው ጭራሽ አልነካውም። ሌላው ቀርቶ መዳፌ ላይ እንኳ መሃሉን እንጂ ዳሩን አልደረሰም። ይህን ሳይ ሆዴ ባባ፤ አራት ወር ሙሉ ይህን ሳደርግ ነበር ማለት ነው።

3. ነርስ መሆኗን የገለጸች ሴት ረጅም መልስ ሰጠች፤ የዚህ ውይይት ፍሬ ያለው እዚህ ስለሆነ አላሳጠርኩትም። የአልኮሉ መጠን ቢያንስ 60 በመቶ መሆን እንዳለበት፣ የእኔው 70 ከሆነ ጥፋቱ ከፈሳሹ ላይሆን እንደሚችል አስረዳች። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። የሰባት ሰከንዱ ቅባት ጠረኑን ይተዋል እንጂ ሥራውን አይጨርስም። አልኮል ጀርም የሚገድለው እርጥብ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መጠኑ መዳፍን ሞልቶ ሁለቱንም እጅ ለዚያን ያህል ጊዜ ሊያርስ ይገባል። እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ሁለትም ሦስትም ጊዜ መጫን አለበት።

አቀባቡንም በቅደም ተከተል ጻፈችልኝ። መጀመሪያ መዳፍ በመዳፍ። ቀጥሎ የአንዱን እጅ መዳፍ በሌላው ጀርባ ላይ አድርጎ ጣቶችን እያሰባጠሩ ማሸት፣ ከዚያ እጅን ቀይሮ መድገም። ጣቶችን አቆላልፎ የጣቶቹን ጀርባ ከመዳፍ ጋር ማፋተግ። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጦ ማዞር። በመጨረሻ የአምስቱን ጣቶች ጫፍ ገጥሞ መዳፍ ላይ ማሽከርከር። በሥልጠና ጊዜ የሚያበራ ቀለም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ተቀብተው እጃቸውን ከልዩ መብራት ሥር ሲያስገቡ ጨለማ ሆኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣትና የጣት ጫፍ እንደሆነም ነገረችን። ሰው ዕቃ የሚይዘው፣ ዓይኑን የሚያሸው፣ በሽተኛ የሚነካው በእነዚሁ ነው።

አንድ ነገር ጨመረች፦ እስኪደርቅ መጠበቅ እንጂ ማራገፍም ሆነ በጨርቅ መጥረግ አይገባም። እህቴ ሁልጊዜ ቀሚሷ ላይ ነው የምትጠርገው። ይህን ስታነብ ዝም ብላ ቀረች።

4. አንድ ሰው ከመጣ ጀምሮ ተቆጥቶ ነበር። ነገሩ ሁሉ የነጋዴ ተንኮል እንደሆነ፣ 99.9 የሚባለው ቁጥር ሰው ለማታለል የተጻፈ እንደሆነ፣ እናቴ መታመሟ ራሱ ማስረጃ እንደሚሆን ጻፈ። ድሮ ሰው ያለ ሳኒታይዘር ይኖር እንደነበርም አልዘነጋም።

5. የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ሰው በትዕግሥት መለሰለት። ቁጥሩ ውሸት ሳይሆን አነጋገሩ ጎደሎ ነው አለ። የሚለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ በተመረጡ ተህዋስያን ላይ ነው፤ እንደኔ በቸኮለ እጅ ላይ አይደለም። ደግሞም አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ከነበረ 99.9 በመቶው ሲሞት አንድ ሺህ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ይህ በቂ ነው፤ በጥቂቱ ለሚያሳምም ጀርም ግን በቂ ላይሆን ይችላል።

6. ይህን ተከትለው አንድ አዛውንት ሐኪም ጻፉ። እኔ ለጠየቅሁት ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የእሳቸው ይመስለኛል። አልኮል የባክቴሪያን ሽፋን ይበጥሳል፣ ፕሮቲኑንም ያበላሻል። ከቫይረሶች መካከል በላያቸው የስብ ሽፋን ያላቸው፣ ለምሳሌ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና፣ ሽፋናቸው ሲቀልጥ ያልቅላቸዋል። ይህ የስብ ሽፋን የሌላቸውም አሉ። ኖሮቫይረስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ቤተሰብን በየተራ እያስመለሰና እያስቀመጠ የሚጥል፣ እጅግ ጥቂት ቅንጣቱ ሰው ውስጥ ቢገባ የሚያሳምም፣ ሰውየው ካገገመ በኋላም ለቀናት ከሰውነቱ የሚወጣ ቫይረስ። ሳኒታይዘር በደንብ አይገታውም። ሳሙናና ውሃ ግን ቫይረሱን ባይገድሉትም ከእጅ ላይ አላቅቀው ይወስዱታል። ሳይመረመር እኛን የያዘን እሱ ነው ማለት እንደማይችሉ አስጠንቅቀው፣ አካሄዱ ግን የእሱን እንደሚመስል አልሸሸጉም።

ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባለውንም ባክቴሪያ አነሱ። ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰዱ አረጋውያንን የሚያጠቃ ነው፤ ራሱን በጠንካራ ዘር መሰል ቅርፊት ስለሚሸፍን አልኮል አይነካውም። እናቴ አንቲባዮቲክ ወስዳ እንደሆነና ተቅማጡ ከተመለሰ ለሐኪሟ እንድነግር መከሩኝ።

7. እኔ ነበርኩ የመለስኩት። እውነቱን ጻፍኩ፦ ልጄ ሌሊት አልጋው ላይ ሲያስመልስ በሶፍት ጠርጌ፣ ልብሱን ቀይሬ፣ ሳኒታይዘር ተቀብቼ በቀጥታ ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ። መታጠቢያው ከኮሪደሩ ጫፍ ነበር። እናቴ እየጠራችኝ ነበር፣ ቸኮልኩ።

8. ሐኪሙ ራሴን እንዳልወቅስ ጽፈው፣ ደንቡን ግን በግልጽ አስቀመጡት። እጅ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ካለ፣ ትውከት ይሁን ሰገራ፣ ጭቃ ወይም ቅባት፣ አልኮሉ ከቆሻሻው ሥር ያለውን አያገኘውም። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የልጅ ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ፣ ተቅማጥ ቤት ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ ሳሙናና ውሃ ነው። ሳኒታይዘር ቦታው ሌላ ነው፦ ውሃ በሌለበት፣ እጅ በዓይን ሲታይ ንጹሕ ሆኖ ብዙ ሰው የነካውን በር ወይም ገንዘብ ከነካን በኋላ፣ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲታለፍ።

9. አትክልት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው፣ ሳኒታይዘር ኬሚካልንም ከእጅ እንደማያነሳ በሁለት መስመር አስታወሰ። የሥራ ባልደረባው ተቀብቶ እጁ የጸዳ መስሎት ፊቱን ሲያሽ ዓይኑ ተቃጥሎ ነበር።

10. አንዲት አስተያየት ሰጪ በቅን ልብ ሁለት ዘዴ አካፈለች። ሳኒታይዘሩ ቶሎ እንዳያልቅ ውሃ ትጨምርበታለች፤ ኃይሉ እንዳይቀንስ ደግሞ ጠብ የምትል በረኪና።

11. የኬሚስትሪ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። 70 በመቶ የሆነ ፈሳሽ እኩል ውሃ ሲጨመርበት 35 በመቶ ይሆናል፤ ያኔ ሽታ ያለው ውሃ ከመሆን አያልፍም። በረኪናና አልኮል ሲገናኙ ደግሞ ክሎሮፎርምና ሌሎች መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ። ዛሬውኑ መስኮት ከፍታ ጠርሙሱን በጥንቃቄ እንድታስወግድ ነገራት። ንግግሩ ጠንከር ያለ ነበር፤ እኔ ግን አልፈረድኩበትም። ሐኪሙም ገብተው በረኪና ቦታ እንዳለው አስረዱ፦ የተተፋበት ወለልና ሳህን መጀመሪያ በሶፍት ተጠርጎ፣ በውሃ የተበጠበጠ በረኪና ተቀብቶ ለጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። እጅ ላይ ግን አይቀባም፣ ከሌላ ነገርም አይቀላቀልም።

12፣ 13 እና 14. እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። ባለ 4 ቁጥሩ ቁጡ ሰው ተመልሶ ሐኪሙን አንተ እያለ ስለ መድኃኒት ኩባንያዎች ጠየቃቸው። አንዷ ታላቅን አንተ ማለት ነውር መሆኑን ነገረችው። ሌላው በጽሑፍ መድረክ ዕድሜ አይታይም ሲል ተከራከረ። ሐኪሙ አንተም አንቱም ቢሏቸው ቅር እንደማይላቸው፣ የጻፉት ከተነበበ በቂያቸው እንደሆነ ገልጸው አበረዱት።

15. አንድ ወጣት ጠርሙሱ ላይ 70 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ማመኔን ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ኢታኖል ተብለው የተሸጡ አንዳንድ ሳኒታይዘሮች ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ያለባቸው ሆነው መገኘታቸውንና የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕዝቡን ማስጠንቀቁን አነሳ። በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ በግንቦትና በሰኔ መካከል እንዲህ ያለውን ሳኒታይዘር ጠጥተው ከተመረዙ 15 ሰዎች አራቱ ሞተዋል።

16. አንዱ ሜታኖልን በጠረኑ መለየት ይቻላል አለ። መምህሩ ይህ አደገኛ ስሕተት መሆኑን ጻፈ፤ ሜታኖል ሲሸት ከኢታኖል በቀላሉ አይለይም። የዓይን ነርቭን ጎድቶ ሊያሳውር ይችላል፤ በቆዳም ይገባል። ስለዚህ አምራቹ፣ የተመረተበት ቀንና የአልኮሉ ዓይነት ያልተጻፈበትን አለመግዛት፣ ከትልቅ በርሜል ወደ ትናንሽ ጠርሙስ የሚገለበጠውን ደግሞ አለመንካት ነው። ዓይን ሲደበዝዝ፣ ራስ ሲያም፣ ማስመለስ ሲመጣ ወደ ሕክምና መሮጥ።

17. አንድ ተማሪ ንጹሕ አልኮል ይበልጥ አይገድልም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ 100 በመቶውን ለምን እንደማንጠቀም አልገባውም። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱም አስተማረኝ፦ አልኮል ፕሮቲንን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልገዋል። ውሃ የሌለበት አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ሥራውንም በሚገባ አይሠራም። መምህሩ የዓለም ጤና ድርጅትን ቀመር ጠቀሰለት፦ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። መጨረሻ ላይ ኢታኖሉ 80 በመቶ ይሆናል። ፐርኦክሳይዱ እጅ ለማጽዳት ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ የተደበቀ የባክቴሪያ ዘር ካለ ለመግደል ነው የገባው፤ ለዚህም ከተሞላ በኋላ 72 ሰዓት ይቀመጣል። ይህ ግን ለተዘጋጀ ቤተ ሙከራ የተጻፈ እንጂ ወጥ ቤት ውስጥ ለመሞከር እንዳልሆነ ደጋግሞ አሳሰበ። 40 በመቶ የሆነ መጠጥ እጅ ላይ ማፍሰስም እንደማይጠቅም አያይዞ ተናገረ።

18. መብራት ጠፍቶበት ሳኒታይዘር እንደተቀባ ክብሪት የጫረ ሰው የደረሰበትን ነገረን። ሻማውን ሊያበራ ሲል እጁ ሞቀው። ነበልባሉ ሰማያዊና ስስ ስለነበር መጀመሪያ አላየውም። ደግነቱ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ውሃ ቋጥሮ ዳነ። መምህሩ 80 በመቶ ኢታኖል እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ማውጣት የሚጀምረው በ17.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑን ጨመረ፤ ተራ ክፍል ውስጥ ያለ ሙቀት ማለት ነው። ተቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ጠርሙሱንም ከምድጃና ከሻማ ማራቅ።

19. መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ጠርሙስ በራሱ ይነዳል የሚል ወሬ አንዱ አመጣ። ኢታኖል ያለ ብልጭታ በራሱ የሚነደው ከ360 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ወሬው ልክ እንዳልሆነ ተነገረው። ሙቀት ግን አልኮሉን ያተነዋል፣ ክዳኑ የላላውን ደግሞ ያደክመዋል።

20. የሦስት ዓመት ሕፃን አባት ጽሑፍ እጄን አንቀጠቀጠው። አንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ የቆመው ማከፋፈያ ለአዋቂ ወገብ ያህል ከፍ ያለ ነበር፤ ለልጁ ግን ልክ በዓይኑ ትይዩ። ልጁ ሲጫን ፈሳሹ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አባትየው ወዲያው በንጹሕ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ያህል እያጠበ ወደ ሐኪም ወሰደው። የዓይኑ መስታወት ተልጦ ነበር፤ በሕክምና ተሻለው።

21. ነርሷ በዚሁ ላይ ስለ መጠጣት ጻፈች። ፍራፍሬ የሚሸት፣ ቀለም ያለው ጄል ለልጅ ጣፋጭ ይመስለዋል። እጁን ተቀብቶ ጣቱን ቢልስ አያሳስብም፤ ጉንጭ ሙሉ ቢውጥ ግን የደሙ ስኳር ሊወርድ፣ ሊያንቀላፋና ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲያስመልስ ሳያስገድዱ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑት አዋቂ እያየ ብቻ ይጠቀሙ።

የእኛው ጠርሙስ ከእናቴ ራስጌ፣ ልጄ ቆሞ በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሮዝ ቀለም አለው፣ ጠረኑም የእንጆሪ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ተነስቼ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣሁት።

22. እጄ ስንጥቅጥቅ ማለቱንና ስቀባ እንደሚያቃጥለኝ ጻፍኩ። ቆዳዬ አልተስማማውም ብዬ ነበር። ነርሷ ማቃጠሉ አስቀድሞ ቆዳው መሰንጠቁን እንጂ አልኮሉ መጥፎ መሆኑን እንደማያሳይ ነገረችኝ። በተደጋጋሚ በሳሙና መታጠብ ግሊሰሪን ካለበት ሳኒታይዘር ይልቅ ቆዳን ያደርቃል። እኔ ደግሞ በሳሙና ታጥቤ፣ እጄ ሳይደርቅ ወዲያው ሳኒታይዘር እደርብበት ነበር። ሁለቱን ማደራረብ ቆዳን ይጎዳል፤ እርጥብ እጅም አልኮሉን ያቀጥነዋል። አንዱን መርጦ በደንብ መጠቀም፣ ማታ ማታ ቅባት መቀባት።

23. ታሪክ የሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሴሜልዌይስ የተባለ ሐኪም እጅን በአልኮል በማስጸዳት እናቶችን ከሞት ማዳኑን ተረከ። ሌላው ወዲያው አረመው፦ አልኮል ሳይሆን የክሎሪን ኖራ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ማዋለጃው ይገቡ ነበር፤ እጃቸውን በዚያ ማጠብ ከጀመሩ በኋላ ከ18 በመቶ በላይ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለዚያ ሌሊት አሰብኩ፤ ከልጄ አልጋ ወደ እናቴ አልጋ ስለተሻገርኩበት።

24. ቁጡው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፣ በዚህኛው ግን ቁም ነገር ይዞ። ባክቴሪያ ከአንቲባዮቲክ ጋር እንደተላመደው ከአልኮልም ጋር እየተላመደ ነው አለ። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአውስትራሊያ የወጣውን ጥናት የሚያውቅ ነበር፤ ኢንተሮኮከስ ፌሺየም የተባለው የሆስፒታል ባክቴሪያ አልኮልን ይበልጥ መቋቋም መጀመሩን ያሳየ ነው። መምህሩ የተፈተነው በቀጠነ፣ 23 በመቶ በሆነ አልኮል እንደነበር ሲጽፍ፣ ሐኪሙ ደግሞ በዚያው ጥናት በ70 በመቶ የተጸዳ የአይጥ ቤት ላይም ባክቴሪያው መትረፉን አስታወሱት። መምህሩ እርማቱን ተቀበለ። ሁለቱም የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ጥናቱ ሳኒታይዘር መጣል እንዳለበት አያሳይም። ቁጡው ሰው አመሰገነ። ከዚያ በኋላ አንቱ ማለት ጀመረ።

25. በመጨረሻ ነርሷ ተመልሳ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላነሳውን ጠየቀችኝ። ሃያ አራቱም መልስ ስለ አስታማሚ እጅ ነበር፤ እሷ የጠየቀችው የእናቴን እጅ ማን እንደሚያጥብ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አንሶላውን፣ የአልጋውን ብረት፣ የእኛን እጅ ይይዛል፤ በዚያው እጁ አፉን ይነካል፣ ይበላል። ተነስቶ ወደ ቧንቧ መሄድ ስለማይችል ማንም አያስታውሰውም።

መልስ አልጻፍኩላትም። ሳህንና ሳሙና ይዤ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ ገባሁ። እናቴ ፊቷን የማጥባት መስሏት ቀና አለች። እጇን ይዤ ውሃው ውስጥ አስገባሁት፤ ቀጭን ነው፣ ጥፍሮቿ አድገዋል። በጣቶቿ መሃል፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያ፣ በጥፍሯ ሥር እያሸሁ ቆየሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ አፍስሼ ሌላ አመጣሁላት፤ ሁለተኛውን እጇን ራሷ ዘረጋችልኝ።